እስከ ገመገሙ

«ኧረ ተይው፣ ሊፈነዳ ነው!» አለች እናቷ በኩሽናው መስኮት ብቅ ብላ።

«ሽቦ» የሚሏት ልጅ መንፊያውን ለቀቀችና የእህቷን ብስክሌት ጎማ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ድንጋይ ሆኗል። ለጠጠር መንገድ ጎማ ትንሽ ለስለስ ማለት እንዳለበት ታውቃለች፤ ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። ጥቂት አየር አስተነፈሰችው። ፍሬኑን ሞከረች፣ ካቴናውን ዘይት ቀባች፣ ገና ጠዋት የወለወለችውን መሪ እንደገና ወለወለች። እጇ ሥራ ከፈታ እግሯ በቀጥታ ወደ እህቷ መኝታ ክፍል እንደሚወስዳት ገብቷታል።

«እታለም አልተነሳችም እንዴ?»

«ተነስታለች። ፋታ ስጫት እንጂ! ትናንት ከአውቶቡስ ስትወርድ አላየሻትም? እንቅልፍ ወዲያና ወዲህ ሲያላጋት!»

ፋታ መስጠትማ ሽቦ ለምዳዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጠችው ፋታ ነው።

«ሽቦ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እህቷ ነበረች። ሌሎች ስለቅጥነቷ ይመስላቸዋል። እህቷ ግን «ቢያጣምሟት እንኳ ስለማትሰበር ነው» ትላለች። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራቸው ጀርባ ወዳለው የተራራ ፓርክ አብረው ይወጡ ነበር። ከፓርኩ ኬላ ጀምሮ ጠጠር መንገዱ በጥዶቹ መሀል እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ። አንድ ቀን ከወትሮው ርቀው ሄደው ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት የተራራው ገመገም ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ጭጋግ ወረደና እጃቸውን እንኳ ማየት አቃታቸው። ሽቦ አልመለስም ብላ አለቀሰች።

«ገመገሙ የትም አይሄድም» አለቻት እህቷ ያን ጊዜ፣ ሹራቧን አውልቃ እያለበሰቻት። «ሌላ ቀን አብረን እንወጣዋለን። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ሐይቁ ልክ መሬት ላይ የወደቀ ሰማይ ነው የሚመስልሽ።»

ከዚያ እህቷ ነርስነት ልትማር ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች። ለእረፍት እመጣለሁ አለች፤ ፈተና ያዛት። ደግሞ እመጣለሁ አለች፤ የሆስፒታል ተረኛ ሆነች። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠትም ተወች። በስልክ ስታወራ እንኳ ፊቷ መታየት ቀረ፤ «ካሜራው ተበላሽቷል» ትላለች። ሽቦ ለብቻዋ እስከ ኬላው ትጋልብና አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ መንገዱን ታየዋለች፤ ጥዶቹ መሀል ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ አትሻገርም፤ «ብቻሽን ከኬላው አልፈሽ ብትገኚ ያንን ብስክሌት ዳግመኛ አታዪውም» ብላታለች እናቷ። እናቷ ደግሞ ዛቻዋን አትበላም።

በመጨረሻ እህቷ ወጣች። ፈገግ ብላለች፤ ዓይኗ ግን ብስክሌቱ ላይ ሲያርፍ ቶሎ ሸሸ።

«አቤት! አዲስ አስመሰልሽው እኮ።»

«በየሳምንቱ ነው የማጥብልሽ» አለች ሽቦ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት።

«ዋናውን መንገድ እስክንሻገር በእግራችን እንሂድ። መኪና ይበዛል።»

ሽቦ እሺ አለች። ከተሻገሩ በኋላ ግን እህቷ «ቆይ እግሬን ላፍታታ» አለች። ትንሽ እንደሄዱ ወንበሩ ከፍ ብሎብኛል ብላ ዝቅ አደረገችው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ዝቅ አለብኝ ብላ መልሳ ከፍ አደረገችው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ብስክሌቶቹን እየገፉ ኬላው ጋ ደረሱ። ጸሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች።

የፓርኩ ጥበቃ ከጎጆው ወጥቶ የኬላውን እንጨት ከፍ አደረገላቸው። «እድለኞች ናችሁ። ዝናቡ መንገዱን ሳይበላው ከነገ ጀምሮ የላይኛውን ልንዘጋው ነው። ክረምቱ እስኪወጣ ማንም አያልፍም። በአሥር ሰዓት እዚሁ ተመልሳችሁ ላግኛችሁ፣ እሺ?»

«እሺ፣ ጋሼ!» ሽቦ ፔዳሉን ረግጣ ተፈተለከች።

ደኑ አፉን ከፍቶ ዋጣት። ጠጠሩ ከጎማዋ ሥር ይፈናጠራል፣ የጥዱ ሽታ አፍንጫዋን ይሰነፍጠዋል፣ ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሀል እየተቆራረጠ ክንዷ ላይ ይወርዳል። በሕልሟ ስንት ጊዜ የመጣችበት መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ጥምዝ ስትጨርስ «እታለም፣ አየሽ ግን...» ብላ ዞረች።

ከኋላዋ ማንም የለም።

ብስክሌቷን አዙራ በፍጥነት ወረደች። እህቷ ከኬላው አለፍ ብላ ብስክሌቱ ላይ አንድ እግሯን አሻግራ ቆማለች። ሁለቱንም ፍሬኖች ጨምቃ ይዛለች፤ የጣቶቿ አንጓዎች ነጥተዋል። መንገዱ እዚያ ላይ ቁልቁል እንኳ አይደለም።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» አለች ሽቦ። ድምጿ ሳታስበው ጮኸ። «ካልፈለግሽ ትናንት አልፈልግም አትዪኝም ነበር? ስንት ጊዜ ነው የምትሸውጂኝ?»

«አልሸወድኩሽም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

 እህቷ የሸሚዟን አንገት ወደ ጎን ሳብ አደረገችው። ከትከሻዋ እስከ አንገቷ ሥር ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ።

«ባለፈው ዓመት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወደ ሆስፒታል እየጋለብኩ ስሄድ የቆመ መኪና በሩን ድንገት ከፈተብኝ። ተፈናጥሬ መሀል መንገድ ወደቅኩ። ከኋላዬ አውቶቡስ ነበር።» መዳፏን ፊቷ አጠገብ አቆመችው። «ጎማው እዚህ ጋ ነው የቆመው። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ካንቺ ጋር ስሆን የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር።»

«ካሜራው...»

«ካሜራው ደህና ነው። እማዬ ያኔ እጄ በፋሻ ታስሮ ብታየኝ ደም ግፊቷ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ላንቺ ደግሞ ብነግርሽ አፍሽ ዝም ቢል ፊትሽ ይናገራል።»

 ሽቦ ስንት ሌሊት ትራሷን አቅፋ ያሰበችው ሌላ ነገር ነበር። «እኔ እኮ የረሳሽኝ መስሎኝ ነበር» አለች። 

«አንቺን?» እህቷ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ወደ ላይ አየች። «በይ ሂጂ አሁን። ከረገጥሽው ትደርሻለሽ። እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ። እማዬም አብረን እንደሆንን ነው የምታውቀው።»

ሽቦ ቀና አለች። በዛፎቹ ክፍተት ገመገሙ ጥርት ብሎ ይታያል። ዛሬ የጭጋግ ዘር እንኳ የለበትም። አሁን ብትነሳ ደርሳ ትመለሳለች። ካልሆነ ግን ክረምቱ እስኪወጣ መንገዱ ዝግ ነው። እህቷም ነገ ጠዋት ትሄዳለች፤ መቼ እንደምትመለስ ደግሞ አይታወቅም። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው። ልቧ ቀድሟት ወጥቷል፤ ሐይቁን ሁሉ አይቷል።

 ሽቦ ግን እግሯን አሻግራ ወረደችና ሄልሜቷን ፈትታ መሪው ላይ አንጠለጠለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«አትቀልጂ። በእግራችን ከሆነ አንደርስም እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ሽቦ። «እስከምንደርስበት እንሂዳ።»

ብስክሌቶቻቸውን እየገፉ ወጡ።  እህቷ ስለ ሆስፒታሉ ታወራ ጀመር፤ መርፌ ፈርቶ አልጋ ሥር ስለተደበቀ ግዙፍ ወታደር፣ የሌሊት ተረኛ ሆና ቆማ ስለተኛችበት ቀን። ሽቦ እስኪያማት ሳቀች። ሁለተኛውን ጥምዝ አለፉ። ገመገሙ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ዛፍ ይጋርደዋል፤ ያው እንደራቀ ነው። ባየችው ቁጥር አንድ ነገር ውስጧን ጠቅ ያደርጋታል። እሷም ዓይኗን መልሳ እህቷ ወሬ ላይ ታሳርፋለች።

መንገዱ ሜዳ ሆኖ ቀጥ ያለበት ቦታ ደረሱ። በግራና በቀኝ ግንዳቸው አረንጓዴ የለበሰ ያረጁ ጥዶች ተሰልፈዋል፤ ወፎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። እህቷ ወሬዋን መሀል ላይ አቋርጣ ወደ ኋላ ቀረች።

ሽቦ የጫማ ማሰሪያዋን እያሰረች ይሆናል ብላ እየገፋች ቀጠለች። ወዲያው ከኋላዋ የብስክሌት ወንበር ሲጥሲጥታ ተሰማት። ቀጥሎ ጎማ ጠጠሩን ጥቂት ክንድ ያህል ፈጨውና ቆመ። ጸጥታ። በረጅሙ የተሳበ ትንፋሽ። ጎማው እንደገና ተነሳ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተነሳ፤ አሁን ትንሽ ረዘም አለ።

ሽቦ አንገቷ ሊዞር ደርሶ፣ ካየኋት ትወርዳለች ብላ ያዘችው። ዓይኗን ፊት ለፊት ወዳለው ጥድ ላከች፤ እርምጃዋንም ሳትፈጥን ሳትዘገይ ቀጠለች።