መጥረጊያው ሮቦት የቆጠራቸው እግሮች

በገዛ ቤታችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ባስገባችሁት ዕቃ መካከል፣ ከምታውቁት በላይ የወንበር እግር ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆጥሬያለሁ፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጥሬያለሁ፣ በመጨረሻም ወንበር በሌለበት ክፍል ውስጥ እግር ምን ይሠራል ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስይዛችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ከሚሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ ስለ ጅን ማውራት ሲጀምሩ "መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቱ፣ ከዚያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ለኩ፣ ከዚያ እናወራለን" ነው የምላቸው። ጉዴ የመጣው ግን በመቁጠርና በመለካት ነው፣ ባልለካ ኖሮ ወላሂ ምንም አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ዘሀራ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል፣ ስለዚህ በዚህኛው ሐኪሟ ቁርጡን ነገረቻት፣ ማጎንበስ የለም፣ መጥረግ የለም፣ መወልወል የለም፣ ተኚ። እኔ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት ነው የምገባው፣ ከጨፋ ሜዳ የሚነሳው አቧራ ደግሞ በር ቢዘጋም ይገባል፣ ዘሀራ አቧራ አይታ የምትተኛ ሴት አይደለችም፣ ዘወር ስል መጥረጊያ እንደምታነሳ አውቃለሁ።

መፍትሔው የመጣው ከእህቷ ከራቢያ ነው። ራቢያ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ቅርብ ጊዜ ነው የተመለሰችው፣ ከሻንጣዋ ጋር አንድ ካርቶን ይዛ መጣች፣ ውስጡ ጥቁር፣ ክብ፣ የትልቅ ድስት ክዳን የሚያህል ነገር።

"ማዳም አዲስ ስትገዛ ይሄን ውሰጂው አለችኝ፣ ይጠርጋል፣ ይወለውላል፣ አሮጌ ነው ግን አይሰንፍም" አለች።

የዘሀራ እናት እማ ሐዋ ከጨፋ ሮቢት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበርና ጎንበስ ብለው አዩት። "ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ኤሊ ነው?"

ራቢያ ቁልፉን ስትጫነው ማሽኑ በሴት ድምፅ በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገረ፣ እማ ሐዋም ቀበል አድርገው "ወአለይኩሙ ሰላም" አሉት፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ኤሊው ሆነ።

እኔ ግን ነፍሰ ጡር ሚስት ያለችበት ቤት ውስጥ ያልተፈተነ ማሽን አልለቅም አልኩ። ደብተር አወጣሁ፣ አሰመርኩ፣ ነጥብ መስጠት ጀመርኩ። ዘሀራ አልጋዋ ላይ ሆና ታሾፋለች፦

"አንተ ቲቸር፣ ለመጥረጊያም ፈተና ታወጣለህ? ስምም ጥራለት እንጂ!"

"ካልተፈተነ አያልፍም።"

"እኔን ሳትፈትን ነው ያገባኸኝ፣ አይ ዕድሌ!"

ውጤቱን ልንገራችሁ፣ ለምትገዙም ይጠቅማችኋል። አቧራ ላይ ከአሥር ስምንት፣ ሊሾ ወለል ላይ ያለውን ደቃቅ አቧራ ጥርግ ያደርጋል። ምንጣፍ ላይ አምስት፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ዘርፍ ይበላና ይታነቃል። የሴት ፀጉር ብሩሹ ላይ ይጠመጠማል፣ በየሁለት ቀኑ በመቀስ ማውጣት አለባችሁ። ውልወላው እርጥብ ጨርቅ መጎተት ነው፣ የደረቀ የሻይ ነጠብጣብ አይለቅለትም፣ አራት ሰጠሁት። የበሩን ደፍ መሻገር አይችልም፣ ተሸክሞ ማሳለፍ ነው። ባትሪው አርጅቷል፣ ቢሆንም አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይሠራል፣ ለሁለት ክፍል ቤት ይበቃል።

ትልቁን ነጥብ፣ ዘጠኝ፣ የሰጠሁት ለካርታው ነው። ይህን ላስረዳችሁ፣ ካልገባችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁምና። ማሽኑ አናቱ ላይ የሚሽከረከር ዓይን አለው፣ በዚያ ዓይን ጨረር ይረጫል፣ ጨረሩ ዕቃ ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ይለካል፣ የለካውንም በስልክ ላይ ካርታ አድርጎ ይስላል። ቁመቱ ከስንዝር ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ዓለምን የሚያያት በቁርጭምጭሚት ከፍታ ነው። ለእሱ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም፣ አራት ነጥብ ነው ያለው። ለእሱ የቆመ ሰው ሁለት ነጥብ ነው።

መኝታ ቤታችን ውስጥ ያለው ዕቃ ሁለት ብቻ ነው፣ አልጋና የልብስ ሳጥን። ሙቀቱ ስለጠናባት ነፋስ እንዲያገኛት ብዬ አልጋውን እኔ ራሴ ከቦታው አንስቼ በሰሜን በኩል ባለው መስኮት ሥር አግድም አድርጌው ነበር። ካርታው ላይ መኖር ያለበት የአልጋው አራት እግርና የሳጥኑ ጠርዝ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ዘሀራን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ቤቱን ሞልታው። ማሽኑ መኝታ ቤት ገብቶ ጥቂት እንደሠራ ቆመና በዓረብኛው ተናገረ። ራቢያን ከበረንዳ ጠርቼ ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

"ከፊቴ ያለውን አንሱልኝ ነው የሚለው" አለች፣ አንገቷን አስግጋ ገባችና ወለሉን አየች። "ምን አለ ከፊቱ?"

ምንም የለም። ማሽኑ ግን ያንን ምንም ዞሮት አለፈ፣ ዳርዳሩን እየታከከ፣ እግራችንን ሲያገኝ እንደሚያደርገው። ሲጨርስ ስልኬን ከፈትኩ፣ የአልጋው አራት ነጥብ አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ ከአልጋው ወገብ ትይዩ፣ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ራቅ ብለው፣ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ደብተሬ ላይ "ዓይኑ ቆሽሿል" ብዬ ጻፍኩ፣ ከዘጠኙ አንድ ቀነስኩ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኑን በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ፀሐይ ጨረሩን ታሳስተዋለች ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ዘሀራ በረንዳ ላይ ሳለች እንደገና ለቀቅሁት። አሁን ነጥቦቹ አሥራ ሁለት ሆኑ። ሁለቱ እዚያው፣ ከአልጋው ወገብ ፊት ለፊት፣ ብቻቸውን። አሥሩ ከእነሱ ኋላ፣ በአንድ መስመር፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ። ማስመሪያ ስልኬ ላይ አስደግፌ አየሁት፣ እመኑኝ፣ ተማሪ በማስመሪያ እንዲያ ቀጥ አድርጎ አይሠራም።

መጋረጃውን ከፈትኩና ወለሉን ጎንበስ ብዬ በብርሃን አግድም አየሁ። ውልወላው ገና እርጥብ ነበር፣ ሊሾው ያብረቀርቃል፣ ነጥቦቹ ባሉበት ቦታ ላይ ብቻ ደረቅ ነው። መዳፌን ከአንዱ ጎን አስቀመጥኩ፣ ከመዳፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ቅርጹን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የከሚሴ ሙቀት ወዲያው ሁሉንም አደረቀውና የማሳየው ነገር ጠፋ።

ሌላም ነገር ነበር፣ ትንሽ ናት። ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቻርጀሩ ከመመለሱ በፊት አልጋው አጠገብ ቆመና "ጢጥ" አለ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ "ጢጥ"፣ አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ ሰው ጸጥ ብሎ አንድ ነገር ለራሱ የሚያነብበት ያህል ጊዜ እየተወ። በሌላው ክፍል እንዲያ አድርጎ አያውቅም።

ለዘሀራ አልነገርኳትም። ልቧ ቢደነግጥስ? ሁለቱ ልጆች እንዴት እንደወረዱ አውቃለሁ። እሷ ግን በማግስቱ ሻይ ሳቀብላት ራሷ ጀመረች።

"አሕመድ፣ ብዙ ሰው ያለበት ቤት ሁሉም በአንዴ ዝም ሲል እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ?"

"እንዴት?"

"እንደዚያ ይሆናል ይሄ ክፍል፣ ከሰዓት ላይ። ባዶ ቤት ዝም ሲልና ሰው የሞላበት ቤት ዝም ሲል አንድ አይደለም። ተኝቼ ዓይኔን ስጨፍን ሰው የሞላበት ዝምታ ነው የምሰማው።"

"ሙቀቱ ነው" አልኳት። መምህር ነኝ፣ መልስ አላጣም።

ራቢያን ግን ለብቻዋ ጠየቅኋት፣ ማዳም ቤት እንዲህ አድርጎ ያውቃል ወይ ብዬ። "ካርታውን የምታየው ማዳም ናት፣ እኔ የማየው ወለሉን ነው" አለች። "አንዳንዴ ያልወለወለው ደረቅ ቦታ ይተዋል፣ እሱን እኔ በእጄ እደግመው ነበር፣ ምን ላስብ፣ አሮጌ ነው ብዬ።"

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት፣ ዘሀራ ፊቷን ልትታጠብ በወጣችበት ጊዜ ደግሜ ለቀቅሁት። ሁለተኛ መስመር ጨምሯል፣ ከፊተኛው ኋላ፣ አሁንም ሁለት ሁለት። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ከሁለተኛው መስመር ኋላ እስከ ግድግዳው የቀረው አንድ መስመር ብቻ የሚያስቆም ቦታ ነው።

በዚያው ቀን ከቀትር በፊት አንዲት የሰፈራችን አሮጊት መሞታቸውን ሰማንና ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ጀናዛው፣ ወደ ቀብሩ፣ ሄድኩ። ሬሳው በመስጊዱ ግቢ ከሰጋጆቹ ፊት ተቀመጠ፣ ጫማችንን አውልቀን ቆምን። ላልሰገዳችሁበት ላስረዳ፣ የጀናዛ ሶላት ሩኩዕም ሱጁድም የለውም፣ ማጎንበስ የለም፣ ግንባርን መሬት ማስነካት የለም፣ መቆም ብቻ ነው፣ ፊት ወደ ቂብላ፣ ማለት ወደ መካ፣ ቂብላ ደግሞ ከእኛ ከሚሴ ወደ ሰሜን ነው። ሟቿ ሴት ስለሆኑ ኢማሙ ከወገባቸው ትይዩ ብቻቸውን ቆሙ። ከእሳቸው ኋላ አንድ ሰፍ፣ ማለት አንድ ረድፍ፣ ተደረደረ። ከዚያ ኋላ ሁለተኛ። እኔ ሁለተኛው ውስጥ ነበርኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ከፊቴ ያለውን የሰው ተረከዝ አየሁ፣ ሁለት ሁለት፣ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ።

ኢማሙ ዞር አሉና "ሦስት ሰፍ አድርጉ፣ ጀመዓ፣ ሦስት ይሁን" አሉ። ከኋላዬ እግሮች ሲሰለፉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ "አላሁ አክበር" አሉ፣ በየመካከሉ ጸጥ እያሉ።

ምን እንደሰገድኩ አላውቅም። ሬሳው ሲነሳ ቃሬዛውን ልሸከም ትከሻዬን መስጠት ነበረብኝ፣ አልሰጠሁም፣ "አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው?" የሚሉኝን ሰዎች እየሰማሁ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ዘሀራ አልጋው ላይ አግድም ተኝታለች፣ ነጠላዋን እስከ ፊቷ ስባ። ስጮህ ነው የነቃችው።

"ማል ታኤ? ምን ሆነሃል አንተ፣ ልታስወርደኝ ነው?"

"ተነሽ፣ እናትሽ ጋር እንሂድ።"

"ዛሬ? በዚህ ፀሐይ?"

"ዛሬ። እዚያ ቀዝቀዝ ይላል" አልኩ። ጨፋ ሮቢት ከከሚሴ ቀዝቀዝ አይልም፣ እሷም ታውቃለች፣ ፊቴን አይታ ግን አልተከራከረችኝም። የጎረቤት መኪና ለምኜ፣ አሽከርካሪውን በየጉድጓዱ "ቀስ፣ ቀስ" እያልኩ፣ ከእማ ሐዋ ቤት አደረስኳት።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ኤሊውን መኝታ ቤቱ ውስጥ ለቀቅሁት። በሩ ላይ ቆሜ ላቤ እየወረደ ጠበቅሁ። አልቆመም፣ አልተናገረም፣ ጢጥ አላለም፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር እርጥብ አደረገው። ካርታው ላይ የአልጋው አራት ነጥብና ሳጥኑ ብቻ። ሌላ ምንም። "አልሐምዱሊላህ" ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፣ እንደ መምህር ማሰብ ጀመርኩና አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ከዚህ ከሄዱ፣ የት ሄዱ?

አሁን ሁለት ሳምንት ሆነን። በየቀኑ እደውላለሁ። እማ ሐዋ "ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ኤሊውን ለምን አታመጣውም፣ የእኔም ቤት አቧራ ነው" ይሉኛል። ዘሀራም ደህና ነኝ ትላለች፣ ልጁ እንደሚራገጥ ትነግረኛለች፣ እንስቃለን። ትናንት ግን ልንዘጋ ስንል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አሕመድ፣ እዚህም ከሰዓት ላይ ዝም ይላል፣ ያን ዓይነቱን" አለችኝ።

ማሽኑ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ልውሰደውና ልለካ? ወስጄ አንድም ነጥብ ባላገኝ እፎይ እላለሁ። ወስጄ ሦስተኛውን መስመር ባገኝስ? ደግሞ ከዚያ ወዴት አሸሻታለሁ? ሕይወቴን በሙሉ ለኩ እያልኩ አስተምሬ አሁን መለካት የፈራሁ ሰው ሆኛለሁ።

ስለዚህ እናንተን ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ካርታ የሚስል መጥረጊያ ያላችሁ፣ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ሞክሩልኝ። ሰው የሚተኛበትን ክፍል ምረጡ፣ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን የዕቃ እግር ቆጥራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሰው አስወጡ፣ በር ዝጉ፣ ማሽኑን ልቀቁት፣ ከዚያ ካርታውን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ትርፍ ነጥብ ካገኛችሁ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የቆሙ፣ የሁሉም ማሽን ጉድለት ነው ማለት ነውና እባካችሁ ንገሩኝ፣ ከእኔ በላይ ደስ የሚለው ሰው አይኖርም። ብቻ ቶሎ ሞክሩት፣ ዘሀራ የቀራት ሦስት ወር አይሞላም።