ሐመሩ ሐ

«መዲ፣ ነይ እስቲ፤ ይኼ ነገር ከፈተልኝ» አለች ቀመር። በሹክሹክታ ነበር፤ መድና ወደሷ ሄደች።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ የነገው የአሥረኛ ክፍል ሂሳብ ፈተና ተዘርግቷል።

መድና በቆመችበት ደረቀች። ተማሪው የትምህርቱን ስም ሲጽፍ፣ ስሙን ከፎልደሩ አድራሻ ጋር ቀጥሎ ፋይሉን ከሰርቨሩ የሚያመጣውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ መካነ ሰላም በጭጋግ ተሸፍና በከረመችበት ክረምት። እንግዶች ሊያዩት ሲመጡ ግን የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ መምህር አምላኩ ከፊት ቆመው «የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ እሷን ወንበር እንድታመጣ ላኳት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚረሳው ያደረገው ሰው እንጂ የተደረገበት አይደለም።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«የመምህራንን ጓዳ ልየው ብዬ ነዋ፣ ለቀልድ። መምህራን አልኩት፣ በቃ።»

መድና ጠጋ ብላ አየች። ቀመር የጻፈችው በሃሌታው ሀ ሳይሆን በሐመሩ ሐ ነበር፤ «መምሕራን» ብላ።

ያኔ ገባት። ተማሪው አንዱ «ሂሳብ»፣ አንዱ «ሒሳብ» እያለ እንዳሻው ይጽፋል፤ ለጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሁለት ነው። ፋይል ጠፋ እያሉ ሲነዘንዟት ሐመሩን ሁሉ ወደ ሃሌታው የሚመልስ መስመር ጨመረች። «መምህራን» የሚል አድራሻ ሲመጣ የሚያግድ ሌላ መስመርም፣ እንደ ዘበኛ፣ ቀድማ አቁማ ነበር። ጣጣው ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ዘበኛው ከላይ፣ ፊደል አስተካካዩ ከታች መሆናቸው ነው። የቀመር ቃል በሐመሩ ስለተጻፈ ዘበኛው አላወቀውም፤ ካለፈ በኋላ ተስተካክሎ ፈተናው ያለበትን የመምህራኑን ፎልደር ከፈተ።

ቀመር ለመነቻት። ክፍል ውስጥ ስሟ ቀመር ሆኖ አንድ ቀመር የማይገባት እያሉ ይስቁባታል፤ አባቷ ግን በዐረብኛ ጨረቃ ማለታቸው ነበር። ሂሳብ ከወደቀች ትምህርቱ ይቀርና ወረኢሉ አክስቷ ሱቅ ትገባለች፤ ተነግሯታል።

«ዝም በይ ብቻ፣ ወላሂ ለማንም አልናገርም። ደሞ ለማን ብለሽ ነው? ለዚያ ወንበር ላስመጣሽ ሰውዬ?»

መድና ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችውን የክፍሉን ቁልፍ አየች። አምና ከዚሁ ክፍል ማውዝ ሲጠፋ ማንንም ሳይጠይቁ የፈተሹት የሷን ቦርሳ ነው፤ ቁልፉ እሷ ዘንድ ስለነበር። ማውዙ ከመሳቢያ ሲገኝ ይቅርታ ያላት የለም። አሁን ሄዳ ብትናገር ፈተናውን የሰረቀችው እሷ ልትሆን ነው። ቁልፉም ይሄዳል፤ ፕሮግራሙም።

ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለች። ፊደል አስተካካዩን መስመር ቆርጣ ከዘበኛው በላይ ለጠፈችው። «መምሕራን» ብላ ሞከረች። «አይፈቀድም» አላት።

«አየሽ፣ አለቀ» አለች ቀመር ፈገግ ብላ። «ማን ያውቃል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አያውቅም። መድና ተንፈስ ልትል ስትል ዞር ብላ አየቻት። የቀመር ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዳይጠፋት እየደገመችው ነው።

መድና ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ማታ እኛ ቤት ነይ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ አብረን እንሠራለን» አለቻት። «ነገ የሚመጣው ሌላ ጥያቄ ነው።»

የቀመር ከንፈር ቆመ። «መዲ፣ አንቺን ነው የሚይዙሽ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። የቀመርን ስም ማንሳት አለማንሳቷን ግን ገና አላወቀችም።

ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የመምሕራን ክፍል» ይላል፤ በሐመሩ። እስከ ዛሬ አስተውላው አታውቅም።

ቁልፉን በግራ እጇ ጨበጠችና በቀኟ አንኳኳች።