ቁልፉን ያልመለሰ ጠሪ

ሟቹ በብረት አጥሩ ውስጥ በጎናቸው ተጋድመዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ እስከ ታች ተጭኖ ቀርቷል፤ ግራ እጃቸው ከሥሩ ወድቋል። ከበላያቸው፣ ለመጋዘን ዕቃ ማንሻ የተሠራው ትልቅ የብረት ክንድ መትቶ እንደጣላቸው ተዘርግቶ ደርቋል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ማቆሚያውን አየች፣ ክንዱን አየች፣ መልሳ ማቆሚያውን አየች። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት፤ በፊቷ የሚደፍር የለም እንጂ እሷም ታውቃለች። ጠዋት የላኳት ሹም «ግልጽ አደጋ ነው፣ ፈርመሽ ተመለሺ» ብለዋት ነበር። ግልጽ የተባለ ነገር ደግሞ ለእሷ አይዋጥላትም።

ይህ የሶፍትዌር ቤት ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች የሚሠራው ከርነል ነው። ከርነል ማለት በማሽኑ ብረትና በሌላው ፕሮግራም ሁሉ መሃል ተቀምጦ ማን ምን እንደሚያዝ የሚወስን፣ የማሽኑ አባወራ እንደ ማለት ነው። ሟቹ ቤቱን የመሠረቱት ሰው ናቸው፤ ሁሉም አለቃ ይሏቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ አጥሩ ውስጥ ገብተው ክንዱን በጨርቅ መወልወል ልማዳቸው ነው። ዛሬ ከእሳቸው ጋር ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ልጃቸው፣ የልጃቸው ባልና አንድ አንጋፋ ፕሮግራመር ብቻ ናቸው።

ልጅቱ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ወዳሉበት ክፍል እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«አባዬን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

እትዬ ለምን ጉልበቷ እያማረራት አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት አድርገሽ?»

«ቁልፉን ሳልይዝ ክንዱን ጠርቼ።»

«እኔ የዚህ ነገር ማይም ነኝ፣ ልጄ። ከሥሩ ንገሪኝ።»

«ክንዱን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ትእዛዞች አሉ። አንዱ ‹አንቀሳቅስ› ይባላል። ሲጠሩት ራሱ ቁልፉን ይወስዳል፣ የአጥሩ በር መዘጋቱን ያያል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ቁልፉን ይመልሳል። ሌላውም ስሙ ያው ነው፤ ግን ከፊቱ ሁለት ሰረዝ አለበት። በእኛ ልማድ ሁለት ሰረዝ ማለት ‹እኔ ምንም አላጣራም፣ ሁሉን የጠራኝ አጣርቷል› ማለት ነው። እሱን የምንጠራው የከርነሉ ሰዎች ብቻ ነን፣ ያውም አሥር ጊዜ አስበን።»

«ቁልፉስ የሚዳሰስ ነው?»

«አይደለም፣ ኮዱ ውስጥ ያለ ነው። እሱን የያዘ ብቻ ክንዱን ያዛል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።»

«ባለ ሁለት ሰረዙን ስትጠሩ ቁልፉን ማን ይመልሳል?»

«የጠራው ነዋ። የወሰደ ይመልሳል። አባዬ በቁንጥጫ ነው ያስተማረኝ።» ፈገግ ልትል ሞክራ እንባዋ ቀደማት። «ክንዱን የጠራው ኮድ በስሜ ነው የገባው። መጻፌ ትዝ አይለኝም፣ ግን ሰሞኑን ድካም ገድሎኛል፣ ስሜም አለበት። የት ነው የምፈርመው?»

«አትቸኩዪ» አለች እትዬ ለምን። አንጀቷን በልታታለች። ይህች ልጅ ዛሬ ከፈረመች እስር ቤት ገባችም አልገባችም፣ ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን የገደለች ሆና ነው የምትኖረው።

ያኔ ባሏ ከች አለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ከሌላ ድርጅት መጥቶ ኮድና ማሽን የሚሞከርበት የፈተና ክፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ልጅቱን አገባ፤ ሠርጉ ቢቆይም ዛሬም «ሙሽራው» ነው የሚሉት።

«ኢንስፔክተር፣ ባለቤቴ እንቅልፍ የላትም። ቁልፉን ሳትይዝ ጠራች፣ በቃ። ሰው ነች፣ ሰው ይሳሳታል።»

«አንተስ ባለ ሁለት ሰረዙን ትጠራለህ?»

«እኔ ፈታኝ ነኝ። የምጠራው ሰረዝ የሌለውን፣ ከውጭ ያለውን ነው። ያንን ነክቼው አላውቅም።»

«ድሮ የሠራህበት ቤትም ነገሩ እንዲህ ይከብድ ነበር?»

ሙሽራው ሳቅ አለ። «እዚያማ ጠሪ ጌታ ነው። የከፈትከውን ሁሉ ተጠሪው፣ ማለት የጠራኸው ትእዛዝ፣ ዘግቶልህ ይወጣል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር የአለቃ ቁንጥጫ አለበት።»

አለቃ ሞተው አስከሬናቸው ባልተነሳበት ቤት ሳቅ እትዬ ለምንን ቅር አላት። ቅሬታ ግን ማስረጃ አይሆንም ብላ አለፈችው።

አንጋፋውን ፕሮግራመር ለጺማቸው ሲሉ «ጋሽ ጺሞ» ይሏቸዋል። ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው በቁጣ ይተይባሉ።

«ትናንት ከአለቃ ጋር ተጣልተዋል አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ግድግዳ።»

ጋሽ ጺሞ ዞረው አዩዋት። ዓይናቸው ደም መስሏል። «ባለ ሁለት ሰረዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ይጥፋ አሉ፣ እኔ ይቆይ አልኩ። ሃያ ዓመት ስንጣላ ነው የኖርነው፤ አንድም ቀን ግን ምሳ ለየብቻ በልተን አናውቅም።»

«ለምንድን ነው ይጥፋ ያሉት?»

«ቀዩ ማቆሚያም ክንዱን የሚያቆመው ቁልፉን ወስዶ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ባለ ሁለት ሰረዙን ቢጠራ ማቆሚያውም ተራውን ይጠብቃል እንጂ አያቆመውም። ማን እብድ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው የተሟገትኩት።»

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ፈተናዎቹን ራሴ እደግማለሁ አሉ። ተፈተነ የተባለው መፈተኑን አላመኑም።»

«አሁን ምን እየሞከሩ ነው?»

«ክንዱን ከላያቸው ላይ ላነሳ። እምቢ አለኝ። ቁልፉ አልተመለሰም ይላል...»

ጋሽ ጺሞ የገዛ አፋቸው ያወጣውን ሰምተው እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

«ዝም ይበሉ» አለች እትዬ ለምን በለሆሳስ። «ምንም አይንኩ። ይልቅ እነዚያን ፈተናዎች ይዩልኝ።»

ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ ወዲያ፣ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሙሽራው የሚስቱን ትከሻ አቅፏል።

«ከጠዋት ጀምሮ የሚነገረኝ አንድ ታሪክ ነው» አለች። «ልጅቱ ቁልፉን ሳትይዝ ጠራች ነው የሚባለው። ጋሽ ጺሞ፣ ቁልፉን ማንም ባይዘው ኖሮ አለቃ ማቆሚያውን ሲጫኑ ክንዱ ይቆም ነበር?»

«ወዲያው።»

«አልቆመም። እንግዲያው የጠራው ሰው ቁልፉን ይዟል። አለቃ አጥሩ ውስጥ ሆነው ማቆሚያው እንዳያድናቸው፣ አውቆ ያዘው። ከዚያ የያዘበትን መስመር አጠፋና በልጅቱ ስም የጥሪውን መስመር ብቻ ተወ፤ ያየ ሁሉ ረስታ ነው እንዲል። ቁልፉ ግን እስካሁን እንደተያዘ ነው።»

«አይሆንም» አለ ሙሽራው። «ሲጨርስ ለቆታል።»

«ማን?»

ሙሽራው የሚስቱን ትከሻ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ባለ ሁለት ሰረዙ አይለቅም» አሉ ጋሽ ጺሞ። «ይሄን የማያውቅ ከዛሬ በፊት ጠርቶት የማያውቅ ሰው ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለች እትዬ ለምን። «ይህ ሰው ግን ሞኝ አይደለም፤ የተለቀቀ መስሎት ነው። ጋሽ ጺሞ ደንቡን ያወጡ ናቸው፣ ልጅቱም አብራው አድጋለች። ከሁለቱ አንዳቸው ገድለው አደጋ ሊያስመስሉ ቢፈልጉ፣ በመጀመሪያ የሚመልሱት ቁልፉን ነበር። ተጠሪው ይዘጋልኛል ብሎ ጥሎ የሚሄድ እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው ያለው። ከውጭ ያለውን ትእዛዝ ብቻ ሲጠራ ስለኖረ፣ ያም ትእዛዝ ቁልፉን ራሱ ስለሚመልስ፣ የዚህ ቤት ደንብ ከድሮ ቤቱ መለየቱን የሚያውቅበት ቀን አልገጠመውም። የሚስቱን የይለፍ ቃል ለማወቅም ከባል የቀረበ የለም። ፈተናዎቹስ፣ ጋሽ ጺሞ?»

«ግማሾቹ ተካሂደው አያውቁም። አለፉ ብሎ የጻፈው እሱ ነው። አለቃ ዛሬ ይደርሱበት ነበር።»

ልጅቱ የባሏን እጅ ከትከሻዋ ላይ አነሳችው። ቀስ ብላ፣ የሰው ዕቃ እንደምትመልስ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«በእኔ ስም?» አለችው።

ሙሽራው ወደ በሩ አየ፣ ፖሊሱን አየ፣ ተስፋ ቆረጠ። «ያባርሩኝ ነበር። አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ ማን ይፈርድብሻል? አደጋ ነው ብለው ይተዉሽ ነበር።»

«እነሱስ ይተዉኝ። እኔ ራሴን መቼ እተወው ነበር?»

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ቀና ብላም አላየችው። ወደ ጋሽ ጺሞ ዞረችና ሆስፒታል እንዲያደርሷት ለመነቻቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ የአባቷን ፊት ለማየት ፈርታ ነበርና አሁን ማየት ፈለገች።