የሹፌሩ ብልቃጥ

«ይሄ የኔ የመድኃኒት ብልቃጥ አይደለም» አሉ ጡረተኛው ሹፌር። «እብድ አታድርጉኝ። የኔ ክዳን ላይ በቁልፍ ጭሬ ምልክት አድርጌበታለሁ።»

የሚረሳን ሰው ማን ያምናል? ሐኪሙ ግን ልባቸው አላርፍ አለና ብልቃጡ ላይ የሹፌሩ ስም የተጻፈበትን ወረቀት በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ተልጦ እንደገና የተለጠፈ ነበር። ፖሊስ ጠሩ።

ሐኪሙ በአረጋውያን ማረፊያው በሚያካሂዱት ሙከራ ግማሾቹ ማስታወስን ይረዳል የተባለ የቅጠል እንክብል፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ዱቄት ይወስዳሉ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ብቻ ነው።

«የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ» አሉ ሐኪሙ ለመርማሪዋ። «ከእንግዲህ ውጤቴን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ በመጀመሪያ የጠረጠረችው ሙከራው እንዲሳካ የሚፈልገውን የቅጠሉን ነጋዴ ነበር። እሱ ግን መድኃኒት ክፍሉን ረግጦት አያውቅም። ቁልፍ ያላቸው ፋርማሲስቱና ነርሷ ናቸው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። የተጫረው ክዳን የአንዲት አዛውንት ስም በተለጠፈበት ብልቃጥ ላይ ተገኘ።

«እኚህ እናት ጠያቂ አላቸው?»

«ማንም የላቸውም» አለች ነርሷ ቶሎ ብላ።

አዛውንቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቁርስ ይብሉ አይብሉ አያውቁም። መሀረባቸው ውስጥ ግማሽ ብስኩት ጠቅልለዋል። ሹፌሩ ለቀልድ እጃቸውን ወደ ብስኩቱ ቢሰዱ መቷቸው።

«የልጄ ነው!»

ነርሷ ስትገባ ፊታቸው ፈካ። ብስኩቱን ፈትተው ሰጧት። ነርሷም እንደለመደችው ተቀብላ ጎረሰች።

«እናትሽ ናቸው» አለች መርማሪዋ።

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «እዚህ ዘመድ ያለው አይቀጠርም ስላሉ ደበቅሁ። ሹፌሩ ከቀን ወደ ቀን እየነቁ ሄዱ፤ የልጅ ልጆቻቸውን በስም ይጠራሉ። እናቴ ግን የኔን ስም እንኳን ረሳች። መድኃኒቱ ለሳቸው፣ ዱቄቱ ለሷ ደርሶ ነው ብዬ ስማቸውን አቀያየርኩ። ምን ላድርግ? እናቴ እኮ ናት።»

መርማሪዋ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «የሁለቱ ውጤት እንደሆነ ተበላሽቷል። ማን የትኛውን ይወስድ እንደነበር ተናገር።»

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሹፌሩ ሲወስዱ የነበረው ዱቄት ነው። ቅጠሉ የናትሽ ነበር።»

ሐኪሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቅጠሉን እየዋጠች ነው ስሜ የጠፋባት?» አለች ነርሷ። «እንግዲያው ምን ቀረኝ?»

መርማሪዋ ካቴናውን ማውጣት አቃታት።

አዛውንቷ ነርሷ ስታለቅስ አዩ። በስሟ ሊጠሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ስሙ አልመጣም። መሀረባቸውን ዘረጉ። የቀረውን ፍርፋሪ ለቃቅመው መዳፏ ላይ አኖሩላት።