ግማሽ ካፕሱል

«ግማሿን ብቻ ነው የምሰጠው። ግማሿ ምን ታደርገዋለች?» አለች እቴቴ። ካፕሱሉን በሁለት ጣቷ ጠምዘዝ አድርጋ ከፈተችውና ከቢጫው ዱቄት ግማሹን ስኳር ያለበት ማንኪያ ላይ አራገፈችው።

ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ካፕሱሉ የእሷ ነው። ሐኪም ለፊቷ ብጉር ያዘዘላት ቴትራሳይክሊን ነው፤ መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከካልሲዎቿ ሥር ነበር የምታስቀምጠው። ማንኪያው ደግሞ የተዘጋጀው ለታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ አምስት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ «ጋዜጣ» ይሉታል። ማን ምን እንደሰበረ፣ ማን ማንን እንዳማ፣ ስኳሩን ማን እንደጨረሰው ሳይጠየቅ ያወራላ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ሳልና ትኩሳት ስለያዘው ጋዜጣው አልታተመም። እቴቴን ከሳሉ ይልቅ ያስጨነቃት ይሄ ዝምታው ነበር።

ልጅቷ ግን ገና ከሕፃንነቷ «ጭምቷ» ነበር የምትባለው። መናገር ከምትችለው አሥር ነገር ዘጠኙን ትውጠዋለች።

እቴቴ የአባታቸው ታላቅ እህት ናት። እናትና አባታቸው ሥራ ሲውሉ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ በአንድ እግሯ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ በሌላው የሕፃን አልጋ እየወዘወዘች። የሰፈሩ ተማሪ ግማሹ ዩኒፎርሙን የሚያሰፋው እሷ ጋ ነው። ቁጣዋ የገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ይጠፋል። ሲከፋት ግን አትቆጣም። አንገቷን ደፍታ ዝም ብላ ትሰፋለች። ልጅቷ በዓለም ላይ ከምትፈራቸው ነገሮች ሁሉ የሚብሰው ያ ዝምታ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ፋርማሲስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በደንብ ነግራት ነበር። «በባዶ ሆድሽ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጪው። ውጠሽ ወዲያው እንዳትተኚ፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ከወተትና ከእርጎ ጋር በፍጹም! ፀሐይም ቶሎ ያቃጥልሻል፣ ተጠንቀቂ። ደግሞ ለማንም እንዳታካፍይ። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ? እሱ እንዳያገኘው፣ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥርስ ያበላሻል።»

«ገባኝ» ብላ ወጣች። የፀሐዩን ነገር ለእቴቴ ነገረቻት፤ እቴቴም በዚያው ዕለት ከዩኒፎርም ቁራጭ ሰፊ ባርኔጣ ሰፋችላት። የወተቱን ነገር ግን ለመናገር አልደረሰችም። በማግስቱ ጠዋት እቴቴ «መድኃኒት ሆድ ይቦረቡራል» ብላ፣ ለሻይዋ ካስቀመጠችው ወተት ላይ ቀንሳ፣ ለብ አድርጋ አልጋዋ ድረስ አመጣችላት። እንዴት ተደርጎ እምቢ ይባላል? ጠጣችው። በማግስቱም ጠጣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠጣች። ብጉሩ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም።

አሁን «ፋርማሲስቷ ከልክላለች» ብትል፣ እቴቴ «ሌላስ ምን አለችሽ?» ብላ እንደምትጠይቃት ታውቃለች።

ሌላም መንገድ ነበራት። ጠጋ ብላ ማንኪያውን በክርኗ መታ ማድረግና «ውይ!» ማለት። ዱቄቱ ይደፋል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። ግን መሳቢያው ውስጥ ገና ሃያ ካፕሱል አለ። ነገ ደግሞ እሷ ትምህርት ቤት ናት።

«እቴቴ፣ እንዳትሰጪው።»

«ምን አልሽ?»

«ጥርሱን ያበላሽበታል። ገና ከድዱ ሥር እየተሠራ ያለውን። አንዴ ከበለዘ ደግሞ በብሩሽ አይለቅም። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ዝም ተብሎ አይሰጥም።»

«ኧረ ወዲያ! አባትሽን ቁስሉ ላይ ይህንኑ እየነሰነስኩ አይደል እንዴ ያሳደግኩት?»

«ያኔ የነገረሽ ሰው ስላልነበረ ነው። ለእኔ ግን ተነግሮኛል።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «የተነገረኝን ሁሉ አልነገርኩሽም። ከወተት ጋር አይወሰድም ተብዬ ነበር።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ከወተት ጋር?»

«ወተቱ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

እቴቴ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። አልሰፋችም። ከመርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ በመዳፏ ትዳብሰው ጀመር።

«እኔ እኮ የምለፋው እንዲሻልሽ ብዬ ነው» አለች እቴቴ በመጨረሻ። «ቢከፋኝስ? ይከፋኝና ይወጣልኛል። ያንቺ ጤና ነው ወይስ የእኔ ኩርፊያ ነው የሚበልጠው?»

«አላውቅም» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነበር።

«እኔ አውቄ ነበር» አለ የሻከረ ድምፅ ከአልጋው ላይ። «ወተቱን ስትጠጣ ሁልጊዜ ፊቷን ታጨማድዳለች።»

ጋዜጣው ልዩ እትም አወጣ። እቴቴ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ውስጥ እንባም ነበረበት። «ተነሽ፣ ኮቱን አልብሽው። ጤና ጣቢያ እንውሰደው።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደረቱን ፊትም ኋላም አዳመጠችው። ከዚያ ቀና ብላ «ቤት ውስጥ የሰጣችሁት መድኃኒት አለ?» አለች።

ልጅቷ የወለሉን ንጣፍ ትቆጥር ጀመር። እቴቴን በሰው ፊት ማሳጣት አልፈለገችም። ግን እቴቴ ራሷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ልሰጠው ነበር። የእሷን ቴትራሳይክሊን፣ ማንኪያ ላይ አድርጌ። ለእሷም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወተት ጋር ሳስውጣት ከርሜያለሁ። ይቺ ጭምት ናት ያስቆመችኝ።» «ይቺ ጭምት» ስትል ሰፍታ የጨረሰችውን ቆንጆ ቀሚስ ለደንበኛ የምታሳይ ነበር የሚመስለው።

«እንኳንም አስቆመችዎት» አለች ሐኪሟ። «ሳንባው ደህና ነው፣ ጉንፋን ነው የያዘው። ጉንፋንን ደግሞ ያ መድኃኒት አያድነውም። ፈሳሽ በደንብ ይጠጣ፣ ይረፍ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺም ያለፈውን ላካክስ ብለሽ ሁለት ሁለት እንዳትውጪ። ያዘዘልሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ እንዴት ስትወስጂው እንደነበር ሳትደብቂ ንገሪው። ከዚያ እሱ የሚልሽን ታደርጊያለሽ።»

«አብረን ነው የምንሄደው» አለች እቴቴ።

ሲመለሱ ጋዜጣ በእቴቴ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«አምጪው፣ እኔ ልዘለው» አለች ልጅቷ።

ሕፃኑን ቀስ ብለው ከጀርባ ወደ ጀርባ አሻገሩት። እቴቴ ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆመችና ከጎን አየቻት።

«ሌላስ አለ?» አለች። «እንዳይከፋኝ ብለሽ የዋጥሽው?»

ነበረ። ትንሽም አልነበረም። ልጅቷ ወንድሟን ጀርባዋ ላይ አመቻቸችና እርምጃዋን ከእቴቴ እርምጃ ጋር አስተካከለች።

«አለ» አለች። «በአቋራጩ ባንሄድ ይሻላል።»

እቴቴ ወደ ረጅሙ መንገድ ታጠፈች።