ያልመጣችው ጎረቤት

«አሁንም አልጨመረም» አለ ልጁ፣ መቆንጠጫዎቹን ከእናቱ እግር ላይ ሳያነሳ።

እናቱ አንገቷን አስግጋ የመሣሪያውን ቁጥር አየች። ደረጃ ላይ ወድቃ ግራ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ቅልጥሟ ከውጭ በብረት ታስሯል፤ ብሎኖቹም ቆዳዋን አልፈው አጥንቱ ውስጥ ገብተዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የመሣሪያውን ሁለት ሽቦዎች ከስብራቱ በላይና በታች ካሉት ብሎኖች ጋር በመቆንጠጫ ያያይዛል። እሷ የማይሰማት ደካማ ኤሌክትሪክ በስብራቱ ውስጥ ያልፋል። አጥንቱ እየጠና ሲሄድ ኤሌክትሪኩ እንደ ልቡ ማለፍ ያቅተዋል፤ ያኔ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ልጁ ቁጥሩን በስልክ መሣሪያውን ለሰጠቻቸው የሆስፒታል ነርስ ይልካል። ቤት ውስጥ «ባለሽቦዋ» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷማ ማን ደፍሮ።

መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሩ ደህና ይወጣ ነበር። ከዚያ ቆመ። ትናንት ደግሞ ጭራሽ ወረደ።

«መሣሪያው ነው» አለች እናቱ። «እሱም እንዳንተ ደክሞት ይሆናላ።»

ልጁ አልሳቀም። እውነትም ድክም ብሎታል። ውሃ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ መሸከሙ፣ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡ ሁሉ እሱ ላይ ወድቋል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ስለሚጥለው ጓደኞቹ «ዘበኛው» ብለውታል። ስለዚህ ሰሞኑን ቤት ሲገባ ድስቱ ታጥቦ፣ ወለሉ ተወልውሎ ሲያገኝና እናቱ ጎረቤት መጥታ አገዘችኝ ስትለው ነገሩን አልመረመረም። ሰው አናስቸግርም የምትል ሴት ዛሬ ምን ነካት ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ደስ ብሎት ጋደም አለ።

አሁን ግን ሽቦውን ሊጠቀልል ሲያጎነብስ አልጋው ሥር ነጠላ ጫማዋን አየ። እንዳትረግጥበት የተከለከለችውን የግራ እግሯን። አቧራ መልበስ የነበረበት ጫማ ሶሉ እርጥብ ነው።

አንስቶ አሳያት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ፈተናህ ደርሷል» አለች። «ደብተር ላይ ተደፍተህ ስታንቀላፋ እያየሁ እንዴት አስችሎኝ ልቀመጥ? ጎረቤት አልመጣችም፤ እኔው ነኝ ትንሽ ትንሽ የቆምኩት።»

ስልኩ ጠራ። ባለሽቦዋ ነበረች። ቁጥሩ እንዳላማራት፣ እንዲህ ከቀጠለ የእናቱ እግር እንደገና ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው እንደሚችል ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ትረግጥበታለች እንዴ?»

እናቱ በእጇ ወደ መሣሪያው ጠቆመች፤ እሱ ነው በላት ማለቷ ነበር። ልጁ ስለ ባልዲው፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ሒሳብ ፈተናው አሰበ። እውነቱን ከተናገረ ሁሉም ተመልሶ ትከሻው ላይ ነው። ማልቀስ አማረው።

«አዎ» አለ። «ትረግጥበታለች። እኔም መጠየቅ ሲገባኝ ዝም ብዬ ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ እናቱ አልተቆጣችም።

«ታዲያ አንተ መቼ ልታርፍ ነው?» አለች እንባዋ እየቀደማት።

ልጁ አጎንብሶ ሽቦውን ጠቀለለ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ቀድቶ፣ ምሳዋን አጠገቧ አስቀምጦ፣ ግራ ጫማዋን ከደብተሮቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ወደ ደረጃው ሲያመራ ከቤታቸው ትይዩ ያለው በር ጋ ደረሰ። ጎረቤቷን ከሰላምታ በቀር አያውቃትም። ምን ብሎ እንደሚጀምርም አላወቀም። አንኳኳ።