የቆጣሪው ሳጥን በር

ገብረሃንስ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከደረጃው ሥር፣ በብረቱ የቆጣሪ ሳጥን ፊት ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። መዳፉ ጠቁሯል። ከሳጥኑ በር ጀርባ የተላጠ ሽቦ ተጠምዷል። የሰፈሩ ምላስ ከፖሊስ ቀድሞ ፈረደ፤ «ጌም ያሳበደው ልጁ ነው» አለ።

ኢንስፔክተር ነኢማ ግን ሰፈር ስለጮኸ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። በማግስቱ ቤታቸው ወጣች። የሟች ሚስት አስመረት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ልጅየው ፀጋዘአብ ጥግ ይዟል። ኮምፒዩተሩን ፖሊስ ወስዶበታል፤ ጣቶቹ ግን ባዶ አየር ላይ ይራወጣሉ።

«አባትህ ምን ያደርግህ ነበር?»

«ጨዋታ መሀል ወርዶ ከቆጣሪው መብራት ያጠፋብኛል።»

«አንተስ?»

«እጮኻለሁ። ከዚያ እየሮጥኩ ወርጄ አበራዋለሁ።»

«ምነው ልጄ፣ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ተቀበርክ?»

«ከመቐለ ከመጣን ወዲህ እዚህ ማንንም አላውቅም። የሚያናግሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው፤ በኢንተርኔት አብረውኝ የሚጫወቱት።» አንገቱን ደፋ። «ትናንት ሙትልኝ ብዬዋለሁ።»

ነኢማ ወደ እናትየው ዞረች። «እህቴ፣ ባልሽ መብራት ሲያጠፋ ማን ማን ይጮኻል?»

«ይሄው ነዋ። ደግሞ ከታች ጌም ቤት የሚሰበሰቡት ውርጋጦች። እነሱ መቼ ዝም ይላሉ።»

ነኢማ ቅንድቧን አነሳች።

የጌም ቤቱ ባለቤት እሸቴ ለጎረቤት ሐዘን እንኳ በሩን አልዘጋም። «ልጁ ነው ኢንስፔክተር፤ ጌም ክፉ ሱስ ነው። ስንቴ መክሬዋለሁ።»

«ጠላ ሻጭ ስካርን ስታወግዝ ሰምቼ አላውቅም» አለችና እሱን፣ እናትና ልጁን፣ ፖሊሶቹንም ከቆጣሪው ፊት ሰበሰበች።

በመወልወያ እንጨት የገብረሃንስን ማጥፊያ ጫን አደረገችው። ከእሸቴ ጌም ቤት ጩኸት ፈነዳ፤ «ጠፋ! ምን ጉድ ነው!»

«ሰማችሁ? የሟችን ማጥፊያ ብነካ የእሸቴ ቤት ጨለመ። መብራት የሚሰርቀው ከዚህ መስመር ነው። አባት ልጁን ሊያስተኛ ባጠፋ ቁጥር የእሸቴም ገበያ ይበተናል። እንዳይከስ፣ ራሱ ሌባ ነው፤ እንዳይለምን፣ ይጋለጣል።»

«ልጁም እኮ አባቱን ይጠላ ነበር» አለ እሸቴ።

«ጠልቶታል። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይህን በር በባዶ እጁ የሚከፍተው ማነው? እሱ ራሱ። ራሱ በሚረግጠው ጉድጓድ ላይ ማን ወጥመድ ይዘረጋል? የተጠመደው ሽቦስ በየት በኩል ገባ? ከሳጥኑ ጀርባ ባለው ባንተ ቤት ግድግዳ ቀዳዳ።»

እሸቴን ላብ አጠመቀው። «ላስደነግጠው ነበር እንጂ...»

«አስደንግጠኸዋል» አለችና እንዲይዙት ለፖሊሶቹ አመለከተች።

ልጁ ካለበት አልተነቃነቀም። «እኔ ግን ሙት ብዬዋለሁ።»

«ብለሃል» አለች ነኢማ፤ አላባበለችውም። «ቃል ያቆስላል፣ ሽቦ ግን አይሆንም። ቁስሉን ለእናትህ አሳያት፤ ብቻህን አትሸከመው።»

አስመረት ያን ጊዜ፣ የጨለመ ቤቷን ልታበራ፣ እጇን ወደ ብረቱ በር ዘረጋች። ፀጋዘአብ ዘልሎ ያዛት።

«እማ፣ እንዳትነኪው።»

ሽቦውን ፖሊስ አስቀድሞ መንቀሉን ሌሎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ማንም ግን አልነገረውም። የእናቱን እጅ ጨምድዶ ቆመ፤ ሲራወጡ የዋሉት ጣቶቹም ረጉ።